ከመስታወቱ በር ፊት የቆመችው መኪና

ባለእንቁላሏ መኪና ስትነዳ ያየ ሰው በጽኑ የታመመ ሰው ጭና ሐኪም ቤት የምትሄድ ይመስለዋል። ጉብታ ላይ ስትደርስ ፍሬኑን ቀስ አድርጋ ትረግጥና የፊቱን ጎማ ታወጣዋለች፤ ትንሽ ታሳርፈዋለች፤ ከዚያ የኋላውን ታሳልፋለች። ከኋላዋ ያለው ሾፌር ጡሩምባውን ቢያንባርቅ፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ ቢያወናጭፍ፣ አንገቷን እንኳ አታዞርም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለሱቆች፣ ለኬክ ቤቶችና ለአንድ ትልቅ ሆቴል ወጥ ቤት እንቁላል የምታከፋፍለው በዚችው አሮጌ መኪና ነው። የኋላውን ወንበር አስነቅላ፣ ወለሉ ላይ ወፍራም ስፖንጅ አንጥፋለች። ትሪዎቹን ደርድራ በአሮጌ አንሶላ ትሸፍናቸዋለች፤ ዙሪያውን በላስቲክ ገመድ ትወጥራቸዋለች። እንቁላል የትም ይገኛል፣ ሳይሰነጠቅ የሚደርሰው ግን የእሷ ነው ይባልላታል። የምትኖረውም በዚሁ ስሟ ነው። ሌላ ሀብት የላትም።

ዋርሳዋ፣ የሟቹ ባሏ ታናሽ ወንድም፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለ የመድን ድርጅት ውስጥ የካሳ ክፍል ኃላፊ ነው። መኪናዋን እዚያ ያስገባችው ከሌላው ጋር አወዳድራ አይደለም። ቤተሰብ እያለ ባዕድ ቤት መሄድ ምን ይባላል ብላ ነው። በየዓመቱ አረቦኗን ትከፍላለች፣ አዲሱን ስቲከር ከፊት መስታወቷ ጥግ ትለጥፋለች። እሱም በየዓመቱ፣ “እትዬ፣ አንቺን የነካ እኔን ነካ” ይላታል። ታምነው ነበር።

አንድ ቀን ዳገት ላይ መብራት ይዟት ቆማ ሳለች፣ ከፊቷ የነበረ የውሃ ቦቴ ወደ ኋላ ተንሸራተተና የመኪናዋን አፍንጫ ጨፈለቀው። የእጅ ፍሬኗ እንደተሳበ ነበር። ነገር ግን ትራፊኩ ሲደርስ ያየው የመኪናዋ ፊት የቦቴው ጀርባ ላይ ተለጥፎ ነው፤ የቦቴው ሾፌር ደግሞ አፉ ቅቤ ነው፤ ከኋላ መጥታ ገባችብኝ አለ። እሷ ሰው ሲከባት ምላሷ የሚተሳሰር ሰው ናት። ቆሜ ነበር ብላ አንዴ ተናገረች፤ ለመድገም አፈረች። ጥፋቱ በእሷ ተጻፈ።

ግድ የለም፣ እሱ ያውቀኛል ብላ ወደ ዋርሳዋ ሄደች። ቅዳሜ ጠዋት ነበርና አዳራሹ ግጥም ብሏል። ተራዋ ሲደርስ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገሩን አስረዳችው። እሱ የትራፊኩን ወረቀት አየ፤ ፎቶውን አየ፤ ከዚያ ግራና ቀኝ ያሉትን ባልደረቦቹን አየ። ማሳቅ ይወዳል። ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረገና፣ በሩ አጠገብ ያለው ሰው ሳይቀር በሚሰማው ድምፅ፣

“እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ እንቁላል ነው የምታከፋፍዪው ወይስ ፍርፍር?” አላት።

አዳራሹ ሳቀ። ገንዘብ ተቀባይዋ አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቀች። ወረፋ ላይ የቆመ አንድ ባለሱቅ፣ የገዛ ደንበኛዋ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷም፣ ለይሉኝታ ያህል፣ ፈገግ አለች። በኋላ ከሁሉ ያንገበገባት ይቺው የራሷ ፈገግታ ናት። ካሳው እንደማይከፈል በትህትና ተነግሯት ወጣች።

ያ ባለሱቅ ለጎረቤቱ ነገረ፤ ጎረቤቱ ለኬክ ቤቱ ነገረ። ሳምንት ሳይሞላ ስሟ ከመኪናዋ ቀድሞ ይደርስ ጀመር። “ፍርፍር መጣች” ይላሉ፣ ያውም በፍቅር፤ እሷ ትሪውን ስታወርድ ይሳሳቃሉ። ይህን ችላ ነበር። ያልቻለችው የሆቴሉን ዋና ወጥ ሠሪ ነው። ስንት ዘመን አንሶላውን ገልጦ ሳያይ፣ “እዚያ አኑሪው” ብሎ የሚያሳልፋት ሰው አሁን እያንዳንዱን እንቁላል እያነሳ በመብራት ያይ ጀመር። እሷ እጇን አጣጥፋ አጠገቡ ትቆማለች። አንድ ቀን፣ ቅር አይበልሽ፣ ሌላ ሰው ደግሞ እየሞከርን ነው አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሆቴሉ የምታስገባው ግማሹን ብቻ ሆነ። አንድ ቦታ የተጀመረ ነገር ሌላው ጋ እንደሚደርስ ታውቃለች። ስሟ ካለቀ እሷም ማለቋ ነው።

ከእሷ ጋር የሚኖሩት አማቷ፣ የዋርሳዋ እናት፣ ምነው ከሳሽ ቢሏት፣ ሙቀቱ ነው አለች። ምን ብላ ትንገራቸው? ልጃቸው ነው። ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ባዶ ትሪዎችን እየወለወለች ብቻዋን ትበቀለዋለች። አንድ ቀን በሐሳቧ የመኪናውን ጎማ ሁሉ ታስተነፍሳለች። ሌላ ቀን የተበላሸ እንቁላል ወንበሩ ሥር አስቀምጣ ሽታው ከየት እንደሚመጣ ሲያጣ ታየዋለች። ይቺኛዋ ሐሳብ ደስ ብላት ብዙ ቀን አብራት ከረመች። በኋላ ግን ተወቻት፤ እንቁላል የሰጣትን ስም በእንቁላል ማዋረድ ነውር መሰላት።

ከመድን ድርጅቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ማዶ፣ ሌላ የመድን ድርጅት ነበር። ሁለቱ እንደ ጣውንት ቀኑን ሙሉ ሲተያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን ገባች። መነጽር ያደረገች፣ ጨዋ፣ ወጣት ሠራተኛ ተቀበለቻት፤ ባለእንቁላሏም የልቧን አውጥታ ሳትጠየቅ የመኪናዋን ሁኔታ ሁሉ አስረዳቻት፤ የተጨፈለቀውንም አፍንጫ አልደበቀችም። ልጅቷ ስልክ ቁጥሯን በካርድ ላይ ጽፋ ሰጠቻት፤ ቅደም ተከተሉንም በግልጽ ነገረቻት። መጀመሪያ መኪናዋ እኛ ጋ ትታያለች፣ ስቲከራችን ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የድሮውን ውል ያቋርጣሉ፤ አደራ እናቴ፣ እንዳይገለብጡት አለቻት።

ባለእንቁላሏ ራሷን ነቀነቀች። ሰምታለች። ነገር ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። የተዋረደችው ቅዳሜ ነው፣ የተዋረደችው አዳራሹ ሞልቶ ነው። የድሮውን ስቲከር የምትፍቀውም ቅዳሜ፣ አዳራሹ ሞልቶ፣ እሱ እያየ መሆን አለበት። ቀድማ ማዶ ሄዳ አዲሱን ለጥፋ ብትመጣማ ምኑ በቀል ሆነ? ወረቀት መለዋወጥ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ እንቁላሏን አድርሳ ጨረሰች። መኪናዋን አጠበች፤ የተጨፈለቀውን አፍንጫ ሳይቀር በጨርቅ አበሰችው። ከመድን ድርጅቱ የመስታወት በር ፊት፣ ለእንግዳ ብቻ የሚለቀቅ አንድ ማቆሚያ አለ። ወሬ ወዳዱ ዘበኛ የኃላፊው ቤተሰብ መሆኗን ስለሚያውቅ መከለያውን አነሳላት። አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርጋ አቆመች።

ውሌን ላቋርጥ ነው ስትለው ዋርሳዋ የቀለደች መሰለው። የት ልትሄጂ ነው ቢላት በአገጯ ማዶውን አሳየችው። ፊቱ ለአፍታ ጠቆረ። ከዚያ ባልደረቦቹ እንደሚያዩት ትዝ አለውና ብዕሩን አሽከርክሮ ፈረመ። “ይቅናሽ” አላት፤ “እነሱ ፍርፍር ይወዱ እንደሆነ እናያለን።”

ወጥታ ከመኪናዋ ኪስ ምላጭ፣ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ በጠርሙስና ጨርቅ አወጣች። ከመስታወቱ በር ፊት ቆማ ስቲከሩን ከጥጉ ጀምራ መፋቅ ያዘች። አልቸኮለችም። ታርሰዋለች፣ ትፍቀዋለች፣ ታብሰዋለች። ወረፋ ላይ ያሉት አንድ በአንድ ፊታቸውን አዞሩ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ገንዘብ መቀበሉን አቆመች። እንደ ድንች ልጣጭ እየተጠቀለለ የወረደውን ሁሉ በመዳፏ ሰበሰበችና ገብታ ጠረጴዛው ላይ አራገፈችው።

“ዕቃችሁ ነው” አለች።

መንገዱን ስትሻገር ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ ቀልሏት አያውቅም ነበር። ችግሩ ማዶ ሆኖ ይጠብቃት ነበር። ባለ መነጽሯ ስታያት ደነገጠች። መኪና የሚያየው ባለሙያ ራቅ ያለ ቦታ የተገለበጠ የጭነት መኪና ሊያይ ሄዷል፤ ስቲከሩ የተቆለፈበትን ሣጥን ቁልፍ የያዘውም እሱ ነው። ዛሬ ደግሞ ግማሽ ቀን ነው። እስከ ሰኞ ምንም ማድረግ አይቻልም።

“ነግሬዎት ነበር እኮ እናቴ” አለች ልጅቷ፣ ያዘነች ሆና።

ነግራታለች። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ባለእንቁላሏ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመች። መስቀለኛው ላይ ትራፊክ ቆሟል፤ ያው ትራፊክ። መኪናዋ ማዶ፣ ራቁቷን፣ የጠላት በር ላይ ተገትራለች። አንድ ጎማ ብታንቀሳቅስ ያለ ኢንሹራንስ መንዳቷ ነው፤ ያን ጊዜ የሚወጣላት ስም ፍርፍርን የሚያስመሰግን ይሆናል።

ዋርሳዋ ነገሩ ገብቶት ነበር። የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ ሁለት ባልደረቦቹን አስከትሎ ደረጃው ላይ ወጣ።

“እትዬ፣ ምነው ተገተርሽ? በሩ ክፍት ነው፣ ውልሽን እመልስልሻለሁ። ግን እንደ ሰው ለምኚኝ።”

ባልደረቦቹ ሳቁ። እሷ ወደ መኪናዋ ሄደችና በሩን ከፈተች። ዘበኛው አጠገቧ መጣና ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ሰኞ ማለዳ ከዋናው መሥሪያ ቤት ትልልቆቹ እንደሚመጡ፣ ይህን ቦታ ዝንብ እንዳያርፍበት ጥብቅ ትእዛዝ እንደተሰጠው ነገራት። “ምን ይውጠኝ ይሆን?” አላት።

በጥማት የደከመ ሰው ውሃ እንደሚጠጣ ይህን ወሬ ጠጣችው። መስታወቶቹን ዘጋች፣ የጎን መስታወቶቿን አጠፈች፣ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳበች። ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አኖረች፤ የምታቆመው ሁልጊዜም እንደዚህ ነው። በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ጥላ፣ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። ዋርሳዋ ደረጃው ላይ ሳቀ። ምሳ ሳይደርስ ተመልሳ ትለምነኛለች ብሎ ነበር።

አልተመለሰችም። ከሰዓት በኋላና በማግስቱ እሁድ በዚያ ያለፈ ሁሉ የተጨፈለቀ አፍንጫዋን ወደ መድን ድርጅቱ በር ደቅና የቆመችውን መኪና አየ። ያልገባው ዘበኛውን ጠየቀ። ዘበኛው ደግሞ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ከቦቴው ጀምሮ እስከ ምላጩ ድረስ፣ በየጊዜው እየጨመረበት ተረከ። አንዳንዱ መኪናዋን ከድርጅቱ ስም ጋር አድርጎ ፎቶ አነሳ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ዋርሳዋ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ቤቷ መጣ። አሮጊቷ አማቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ፤ ባለእንቁላሏ ትሪዎቿን እየወለወለች ትደረድራለች። ስለ አየሩ አወራ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራ። ከዚያ፣ እንደ ዘበት፣ እስቲ ቁልፉን ስጪኝ፣ መኪናዋን ጥግ ላስይዝልሽ አላት።

“ኢንሹራንስ የላትም” አለች ሳታየው።

“ሁለት እርምጃ ናት እኮ፣ እትዬ።”

“ፈርመሃል። በሁለት እርምጃም ሰው ይገጫል። ያን ጊዜ ደግሞ ምን ተብዬ ልጠራ ነው?”

ዘበኞቹ ይግፏት አላት። ባለቤቷ ሳትፈቅድ የገፋት ሰው ቢቧጭራት ካሳውን ማን እንደሚከፍል አንተ ታውቃለህ አለችው። ውሉን ያለምንም ክፍያ እመልሰዋለሁ አላት። የተፋሁትን አልልስም አለችው። ቃሏ ሁሉ በለሆሳስ ነው የሚወጣው፤ ጨርቋም ከትሪው ላይ አልቆመም። በመጨረሻ ድምፁ ተሰበረ። ነገ ትልልቆቹ ሲመጡ ያቺን መኪና በሩ ላይ ቢያገኟት፣ ምክንያቱንም ቢጠይቁ፣ እሱ ምን ሊል ነው? ለእድገት ታጭቷል።

አሮጊቷ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። “ምን ተባብላችሁ ነው?” አሉ።

“እሱ ይንገርዎት እማማ። ከአፉ የወጣ ነው፤ እኔ አልደግመውም።”

“ቀልድ ነበር፣ እማዬ” አለ ዋርሳዋ።

“እንግዲያው ንገረኝና ልሳቅ።”

አሮጊቷ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ቢያስለው ጠበቁ፣ ብርቱካኑን ከወዲህ ወዲያ ቢያደርገው ጠበቁ። በመጨረሻ ነገራቸው፤ ባልደረቦቹ፣ ገንዘብ ተቀባይዋና ወረፋው በሌሉበት በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀልዱ ከስቶ፣ አጥንቱ ወጥቶ ነበር። አሮጊቷ አልሳቁም። የወንድምህ ሚስት እኔን በምን እንደምታበላኝ ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ያውቃል። ማን ማን ዘንድ ስሟን እንዳጠፋህባትስ ታውቃለህ አሉት። ይህን አያውቅም፤ እሷም ያን ጊዜ ትሪዋን አስቀምጣ ስለ ሆቴሉ ነገረቻቸው።

“አፍህ ያቆሸሸውን አፍህ ይጠበው” አሉ አሮጊቷ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር ሰምቶ ያውቅ እንደሆነ ባለእንቁላሏ አታውቅም። ፍርዷን ያዘጋጀችው ትናንት በእግሯ ስትመጣ ነው፤ አሁን ነገረቻቸው። ለባለ መነጽሯ ደውላ፣ እንግዶቹ ሳይደርሱ በማለዳ እንድትመጣላት ትለምናታለች፤ መኪናዋም ትነሳለች። እሱ ደግሞ እንግዶቹ እንደተሸኙ ደንበኞቿ ዘንድ ሁሉ ሄዶ፣ ቆማ ሳለች እንደተገጨች በገዛ አፉ ይናገራል።

በስልክ እነግራቸዋለሁ አለ።

“በስልክ አይደለም። ጎኔ ተቀምጠህ።”

አሮጊቷ ይህኛው በዝቶባቸው፣ ልጄ፣ አንድ ሁለት ቦታ አይበቃውም ወይ አሉ። አንድ ቀን እንኳ ቃላቸውን መልሳባቸው የማታውቅ ሴት ናት። “አይበቃውም እማማ” አለች። አሮጊቷ ነጭ ሽንኩርታቸውን አነሱ፤ እስኪመሽ አላናገሯትም። ከፋት፤ ቢሆንም ፍርዷን አልቀነሰችም።

ሰኞ ማለዳ ባለ መነጽሯ ባለሙያውን ይዛ መጣች። ባለሙያው ከበሩ ፊት ጎንበስ ቀና እያለ መኪናዋን ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሳ፤ የካሜራው ብርሃን የመድን ድርጅቱን መስታወት ብልጭ ድርግም አደረገው። አፍንጫዋ ቀድሞ የተጎዳ መሆኑን መዘገበ። አዲሱ ስቲከር አሮጌው ከተፋቀበት ቦታ ላይ ተለጠፈ። በማለዳ ከመጡት ባለጉዳዮች ሁለቱ ባለ መነጽሯን ጠጋ ብለው ስልኳን ጠየቁ፤ ዋርሳዋ በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ ያን አየ፤ እሷም ማየቱን አየች። ድንጋዩን አንስታ፣ ኋላ ማርሽ አስገብታ፣ ቀስ ብላ ወጣች። ትልልቆቹ ሲደርሱ ቦታው ባዶ ነበር።

እንግዶቹን ሸኝቶ ሲወጣ ማዶ ቆማ እየጠበቀችው ነበር። ሙሉ ልብሱን ከነክራቫቱ ለብሷል። ከኋላ ቦታ ስለሌለ አንድ ትሪ እንቁላል ጭኑ ላይ አኖረችለት፤ በሁለት እጁ አቅፎ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ሱቅ ያ አዳራሹ ውስጥ ሆዱን ይዞ የሳቀው ባለሱቅ ነው። ዋርሳዋ ትሪውን እንደታቀፈ ተናገረ፤ ዳገት ላይ ቆማ ነበር፣ ቦቴው ነው ተንሸራቶ የመታት፣ እኔ ሳላጣራ ነው የቀለድኩት አለ። ባለሱቁ አሁንም ሳቀ፤ የዛሬው ሳቅ ግን ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነበር። ኬክ ቤት ሄዱ፣ ሌላ ሱቅ ሄዱ። ሆቴሉ ወጥ ቤት ውስጥ የጭስ መሳቢያው ይጮህ ነበርና ዋናው ወጥ ሠሪ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ “አልሰማሁም፣ ጮክ በል” አለው። ጮክ ብሎ ደገመው። ድስት አጣቢዎቹ ሳይቀሩ ሥራቸውን ትተው ሰሙት። ወጥ ሠሪው ባለእንቁላሏን አየ፣ የሰውየውን ክራቫት አየ፤ ከነገ ጀምሮ እንደ ድሮው ሙሉውን አምጪ አላት።

መኪናው ውስጥ ሲመለሱ ዋርሳዋ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ከእንቁላሉ አንድም እንዳይሰበር ሲጠነቀቅ ትከሻው ደርቋል። ትልቁ ቦታ ይሄ ነበር፤ ስምሽ ተመለሰ፤ በቃን አይደል እትዬ አላት። ድምፁ ልመና ነበረው። ቅዳሜ እንደ ሰው ለምኚኝ ካለው ሰው አፍ የወጣ መሆኑን ልብ አለች፤ እስክትጠግብ አጣጣመችው፤ አላዘነችለትም።

አንድ ሌላ ትሪ ከኋላ አንስታ ጭኑ ላይ አስተካከለችለት። ፍሬቻዋን አበራች፣ መንገዱ እስኪጸዳ ጠበቀች።

“የሳቁት ገና አላለቁም” አለችና ቀስ ብላ ወደ መንገዱ ገባች።